ሽማግሌ የመለሰው ግራዝማች

ወልቂጤና ቡታጅራ ለአዲስ አበባ ሰው ቅርብ ናቸው። ጠዋት የወጣ ለምሳ ይደርሳል። ቅርብ አገር ግን ክፉ ጠባይ አለው፤ ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ እያሰኘ ዕድሜ ይፈጃል። እኔም ጸጉሬ እስኪሸብት ስማቸውን ከረዳቶች አፍ ብቻ እየሰማሁ ኖሬያለሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ነገ ሲሉ ለሚቀሩ ሰዎች ነው።

ከቤቴ ያስወጣኝ ሥራ ነው። ተዋናይ ነኝ። በጥር ወር መግቢያ ላይ አዘጋጃችን ጠርቶ “ግራዝማች ውብሸትን አንተ ትጫወታለህ” አለኝ። የቲያትር ሰው ላልሆነ አንባቢ ላስረዳ፤ ግራዝማች ውብሸት በእኛ ሙያ ወንድ ተዋናይ ዕድሜው ሲገፋ የሚመኘው ገጸ ባሕርይ ነው። ልጁ ሳታስፈቅደው አግብታ ከቤት ትወጣለች። ሽማግሌ ትልክበታለች፤ ይመልሳቸዋል። ከዚያም ይረግማታል። በመጨረሻ ልጅቱ ታማ ምርቃቱን ልትለምን ትመጣለች፤ እሱ በሩን ለመክፈት ከራሱ ጋር ሲታገል ደጁ ላይ ትሞትበታለች። ተውኔቱ የራሱ ርእስ አለው፣ የሚያስታውሰው ግን የለም። ሁሉም ሰው “ግራዝማቹ” ነው የሚለው።

የሚፈራው እርግማኑ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ከኔ በፊት ግራዝማቹን የተጫወቱት ሁሉ አንዳንድ ዘዴ ነበራቸው። አንደኛው ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ ይናገረው ነበር። ሰው “እንዴት ያለ ጥልቅ ትወና ነው!” ብሎ ሲያጨበጭብለት እሱ ለካ በየቃሉ መሐል በሹክሹክታ “አይድረስ፣ አይድረስ” ይል ኖሯል። ሌላው ከመድረክ እንደወረደ ሦስት ጊዜ ሳይጉመጠመጥ ማንንም አያናግርም ነበር። የልጅቱ ስም ደግሞ በየዝግጅቱ ይለወጣል። ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ የማንም ልጅ ስም ያልሆነ ስም እስኪገኝ ልምምድ አይጀመርም።

ባለቤቴ ዜናውን ስትሰማ “እንኳን ደስ ያለህ” አለችና ወዲያው “ያንን ነገር እዚህ ቤት ውስጥ እንዳትለማመደው” ብላ አስጠነቀቀችኝ። ሴት ልጅ አለችን። መኪና ውስጥ እለማመዳለሁ እንዳልል መኪና የለኝም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሞከርኩ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ልምምድ ላይም ያው ሆነ። አዘጋጃችን እያየኝ ተጨነቀ። በመጨረሻ “የመጀመሪያው ግራዝማች በሕይወት አለ ይባላል፣ ቡታጅራ ነው። የደራሲው ሚስትም ወልቂጤ አሉ። ሂድና ጠይቃቸው” አለኝ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ብዬ ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ወልቂጤ

ከአየር ጤና የተነሣሁበት ሚኒባስ ውስጥ “አንድ ሰው ብቻ!” እየተባለ ሲጠራ ነው የገባሁት። ያ አንድ ሰው እኔ መስዬኝ ነበር። ከኔ በኋላ አራት ገቡ። ረዳቱ ጉልበቴን በእጁ ወደ ጎን እየገፋ “ፋዘር፣ ትንሽ ጠጋ!” ይለኛል። ወሊሶ ላይ ለሻይ ስንወርድ ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝና “ያ ክፉ ሰውዬ እርስዎ ነዎት አይደል?” አለኝ። በቴሌቪዥን ድራማ ላይ መሬት የሚቀማ ሰው ሆኜ እሠራለሁ። ነኝ አልኩት፤ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ግን ከጎኔ የተቀመጡት እናት ቦርሳቸውን ወደዚያኛው ጎን አዞሩ።

ወልቂጤ ሞቃት ነች። አዲስ አበባ ጥር ሲሆን ጠዋት ጠዋት እጅ ይቆረጥማል፤ እዚህ ኮቴን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ ስዞር ዋልኩ። መንገዱ ወደ ጅማ የሚያልፍ የጭነት መኪና፣ ተማሪና ባጃጅ ነው። የያዝኩት አልጋ ቤት “ሙቅ ውኃ አለ” ብሎ ጽፏል። ስጠይቅ አስተናጋጇ “ውኃ ሲመጣ ሙቅ ነው” አለችኝ። እስኪመጣ በባልዲ ቀዝቃዛ ሰጠችኝ። ቅሬታ የለኝም፤ እኛ ሰፈርም ያው ነው፣ እኛ ግን በር ላይ አንጽፍም።

ምሳ ክትፎ አዘዝኩ። ለብለብ አድርጉልኝ ስል ባለቤቷ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ። “የአዲስ አበባ ሰው ነህ?” “አዎ።” “አሞህ ነው?” “ኧረ ደኅና ነኝ።” “ታዲያ ምነው?” አለችና ጥሬውን አቀረበችልኝ። ቆጮው በኛ ምግብ ቤቶች እንደ ጌጥ በሳሕኑ ጠርዝ የሚደረድሩት አይደለም፤ ዋናው እሱ ነው፣ ክትፎው ይከተለዋል። በላሁት። ሆዴ ምንም አላለኝም፤ እንዲያውም አመሰገነኝ።

ወይዘሮ አስካለ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ትውልዳቸው ጎጃም ነው። ከባላቸው ጋር ተመድበው ወልቂጤ ከመጡ በኋላ አልተመለሱም። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል። ቤታቸው ደጃፍ የፓፓያ ዛፍ ሥር አስቀመጡኝና ገና የመጣሁበትን ተናግሬ ሳልጨርስ ሣቁ።

“የተረገምኩትን ልታይ ነዋ የመጣኸው! በመጀመሪያው ቀን ልጅቱን የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ። ይኸው፣ ምን ሆንኩ? አምስት ወለድኩ፣ ስኳሩም ገና አምና ነው የያዘኝ።”

ግራዝማቹ ከየት እንደመጣ ጠየቅኋቸው።

“ከአባቴ ነው የመጣ። እኔ ባሌን ወድጄ ወደዚህ ልምጣ ስል አባቴ እምቢ አለ። ‘ከዚህ በር ከወጣሽ ልጄ አይደለሽም’ አለ። ቁጣው፣ ካባው፣ በምርኩዙ መሬቱን መምታቱ፣ ሁሉም የአባቴ ነው።”

“ታዲያ ረገሙዎት?”

“ምን ይረግማል! ሽማግሌ ተላከበት። ቆመው አንቀመጥም፣ እህል አንቀምስም ሲሉት ምን ያድርግ? እሺ አለ፣ መረቀን፣ በበቅሎ ሸኘን። ባሌ ግን ተውኔቱን ሲጽፍ ‘እሺ ያለ አባት ሠርግ ይሆናል እንጂ ተውኔት አይሆንም’ አለና እምቢ አስባለው። አባቴ ቢሰማ ኖሮ ያኔ ነበር የሚረግመን።”

ወይዘሮ አስካለ እንደነገሩኝ ተውኔቱ መጀመሪያ የታየው ለወላጆች በዓል ነው። መምህራኑ ሁሉ ለግራዝማችነት ቢሞከሩ ድምፅ ጠፋ። በዚያን ጊዜ ወልቂጤ ልብስ ሰፊ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ከድር የሚባል የቡታጅራ ወጣት ነበር። ደንበኛ ሲጠራ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ከሱቁ ጎትተው አመጡት፣ የጥጥ ጢም ለጠፉለት፣ ቃሉን አስጠኑት።

“ሲናገረው የምሬን አለቀስኩ” አሉኝ። “ጨዋታ መሆኑን ረስቼ አባቴ ሐሳቡን የለወጠ መሰለኝ። ስታገኘው አስካለ ደኅና ናት በለው። ይጨነቃል አሉ።”

ከድር ለምን እንደሚጨነቁ ስጠይቃቸው ፓፓያ ልቁረጥልህ ብለው ተነሡ።

ሁለተኛው ቀን፦ አረቅጥ

ወደ ቡታጅራ በአዲስ አበባ ዞሬ መሄድ እችል ነበር። ደጋውን ልይ ብዬ በእምድብር በኩል የሚወጣ መኪና ያዝኩ። ይህ ሐሳቤ ነው ጉድ የሠራኝ። ከእምድብር ካለፍን በኋላ መንገዱ መውጣት ጀመረ፤ እንሰቱ፣ ባሕር ዛፉ፣ ከዚያ ገብሱ ተራ በተራ መጣ፤ እኔም ኮቴን መልሼ ለበስኩ። አረቅጥ ልንገባ ስንል ከሞተሩ ነጭ ጭስ ወጣ። ሾፌሩ ወረደ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከተና ከደነው። “ዛሬ አይሄድም” አለ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠም።

በኛ አገር እንዲህ ሲሆን ሰው ይጮኻል፣ ገንዘቤን መልስ ይባላል። እዚህ ሁሉም ዕቃውን አንሥቶ ወደየዘመዱ ተበተነ። ዘመድ የሌለኝ እኔ ብቻ መሆኔ ታየ። ኮቴ ስስ ነው፤ ብርዱ ከእንጦጦ ብርድ ጋር አይገናኝም፣ የእንጦጦው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጨዋታ ነው። አቶ ዘርጋ የሚባሉ ከኔ ጋር የተሳፈሩ ድንች ነጋዴ ሁለት ጊዜ ዘወር ብለው አዩኝ። በሦስተኛው “ና እንጂ፣ ምን ቆመሃል” አሉኝ። እንዲህ ሆኖ ነው የቤታቸው እንግዳ የሆንኩት።

ባለቤታቸው የቡላ ገንፎ አቀረቡልኝ፤ መሐሉ ላይ ቅቤው ኩሬ ሠርቷል። ጠገብኩ ስል “ይኼ ሰውነት ይዘህ ነው መንገድ የወጣኸው? ሚስት የለህም?” አሉኝ። አለችኝ አልኳቸው። “እንግዲያው ታማለች” ብለው ጨመሩልኝ። ባለቤቴ ይህን ስታነብ እንዳትቀየመኝ፤ የተባለውን ነው የጻፍኩት።

አቶ ዘርጋ ድንች ጭነው ወደ ቡታጅራ ገበያ ይወርዳሉ። ወደ ማን እንደምሄድ ስነግራቸው ፊታቸው ፈታ አለ።

“ጋሽ ከድርን ማን የማያውቅ አለ? ደግ ሰው ነው። ይህን ኮት የሰፋልኝ እሱ ነው። ግን ምርቃት አይሰጥም።”

“አይሰጥም ሲሉ?”

“አይጠይቁትም። ሠርግ ይሁን፣ ልጅ ሲወለድ ይሁን፣ ዱዓ ሲደረግ ሽማግሌው በተራ ይመርቅ የለ? እሱ ጋ ሲደርስ ያልፉታል። ‘ጋሽ ከድርን አናድክመው’ ይላሉ። በፊት ‘ጉሮሮውን አሞታል’ ነበር የሚሉት።”

ምክንያቱን ነገሩኝ። በደርግ ጊዜ ነው። ግራዝማቹ በወልቂጤ ከተወደደ በኋላ ተዋንያኑ ቡታጅራ ይዘውት ወረዱ። የገበያ ቀን ነበረ። አዳራሽ አልተገኘም፤ የጭነት መኪና ጎን ከፍተው መድረክ አደረጉት፤ ገበያተኛው ሁሉ ቆመ። አቶ ዘርጋም ያኔ ጎረምሳ ሆነው ከአባታቸው ጋር እዚያው ነበሩ። ከድር በጥጥ ጢሙ የመድረኩን ሽማግሌዎች አባረረ። ከዚያ ሊራገም እጁን ሲያነሣ፣ ፊት ለፊት የነበሩ እውነተኛ ሽማግሌዎች፣ የመስቃን ታላላቅ ሰዎች፣ ከመኪናው ሥር መጥተው ቆሙ። “አንተ ሰው፣ ተው፣ ስለኛ ብለህ ተው” አሉት።

“ጨዋታ መሆኑን አላወቁም ማለት ነው?” አልኩ።

“እንዴት አያውቁም! ከድርን በልጅነቱ ያውቁታል፣ ጢሙ ጥጥ መሆኑም ይታያል። ጨዋታውን ያውቃሉ። ግን ምን መሰለህ፣ ቃሉ ከባድ ሆነባቸው። እንዲህ ያለ ነገር ከሰው አፍ ሲወጣ እያየ ዝም የሚል ሽማግሌ ሽማግሌ አይደለም። የነሱ ልመና ጨዋታ አልነበረም።”

“ከዚያስ?”

“መለሳቸው። ‘አልሰማችሁም! ከፊቴ ሂዱ!’ አለና እርግማኑን ጨረሰው።”

አቶ ዘርጋ ቀጠሉ። “ቆሞ የለመነን ሽማግሌ የመለሰ ሰው እንዴት ሽማግሌ ይሆናል? ማንም አልጠላውም። ልብስ ያሰፉበታል፣ ለቅሶ ይደርሱለታል። ምርቃት ብቻ ነው የሚያልፉት። እሑድ የልጅ ልጁን ይድራል፤ ያሳደጋት እሱ ነው። እንግዲህ እሷንም አይመርቃትም።”

በዚያ ወፍራም ብርድ ልብስ ሥር ተኝቼ አዘንኩ። እኔ የመጣሁት ዘዴ ልቀስም ነበር። አሁን ግን ስለ እሑድ ነበር የማስበው።

ሦስተኛው ቀን፦ ቡታጅራ

አቶ ዘርጋ ከድንቻቸው ጋር ጫኑኝ። ከጋቢናው ውስጥ ሦስተኛ ሰው ሆኜ የዘቢዳርን ተራሮች አልፈን ቁልቁል ወረድን። ቡታጅራ ስንገባ ኮቴን እንደገና አወለቅኩ፤ በሦስት ቀን ስንት ጊዜ እንዳወለቅኩትና እንደለበስኩት አላውቅም። ከተማዋ ሰፊ ነች፤ ገበያዋ ይጮኻል፣ ባጃጁ መንገዱን ሞልቶታል፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ተራ ይጠባበቃሉ። ወልቂጤ የቢሮ ከተማ ናት፣ ሰው ፋይል ይዞ ይሮጣል። ቡታጅራ የንግድ ናት፤ ቆሞ ዋጋ ያልጠየቀ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል።

የባጃጁ ልጅ የጋሽ ከድርን ቤት ብዬ ሳልጨርስለት አወቀው። ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነበር፤ ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ፣ የተከራዩ ወንበሮች ይወርዳሉ። ጋሽ ከድር በረንዳው ላይ ተቀምጠው የአንድ ልጅ ሱሪ ጫፍ ይሰፋሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጢማቸው ንጹሕ የሆነ ሰው ናቸው።

“አሰላሙ ዓለይኩም” አልኩ፤ እንዲህ እንዲባል አቶ ዘርጋ መክረውኛል።

“ወዓለይኩም ሰላም። ቁጭ በል፣ ቁጭ በል። ለሠርጉ ነው?”

ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ጠጋ ካላሉ አይሰማም። በዚያ ድምፅ ገበያ ይቆም ነበር ብሎ ማመን አስቸገረኝ። ማን እንደሆንኩና ምን ልሠራ እንደሆነ ነገርኳቸው። መርፌውን ሱሪው ላይ ሰክተው አስቀመጡ። የአስካለን ሰላምታ ሳደርስ “ደኅና ናት? ወላሂ ደኅና ናት?” ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። ደኅና ናቸው፣ ስኳር ብቻ ነው አልኳቸው። “ስኳር ሁላችንንም ይዞናል፣ አልሐምዱሊላህ” አሉና ቀለል አላቸው።

ምሳ ካልበላሁ ምንም እንደማይነግሩኝ ተናገሩ። ከበላሁ በኋላ ጠየቅሁ። “እርግማኑን እንዴት ነበር የሚሉት? ቢያሳዩኝ ደስ ይለኝ ነበር።”

“እሱን ሁለተኛ አልለውም” አሉ፣ ሳይቆጡ። “ግን ሰውየውን ልንገርህ። እናንተ አዲስ አበባ ስትሠሩት ግራዝማቹ ይቆጣል። አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ አንገቱ ሥር እስኪገተር ይጮኻል። ስሕተት ነው። ሰውየው አልተቆጣም።”

“ታዲያ ምን ሆኖ ነው?”

“ሰው እያየው ነው። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ልጁን በመጀመሪያው ቀን ይቅር ይላት ነበር። እኔ ይህን ያወቅሁት እዚያ መኪና ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲነሡ ልቤ እሺ ብሏል፤ ዘልዬ ወርጄ እግራቸውን ልስም ነበር። ግን ገበያው በሙሉ ያየኛል። ከጨዋታው ብወጣ መሣቂያ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ፈርቼ መለስኳቸው። ያኔ ግራዝማቹ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ገባኝ። ፈሪ ነው።”

እኔ በሙያዬ ያልሠራሁበት መድረክ የለም፣ ተሸልሜያለሁም። እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ ሰው ግን አላስታውስም።

“ግን እኮ ጨዋታ ነበር ጋሽ ከድር” አልኩ። “እስከ ዛሬ እርስዎን ማለፋቸው ልክ ነው?”

“ልክ ናቸው። በዚያች ሰዓት እኔ ከድር አልነበርኩም፣ አፉ ግን የኔ አፍ ነበር። መስጊድ ያሉት ኡስታዝ ‘ተው፣ ይኼ በሃይማኖት ነገር የለበትም’ ብለውኛል። አውቃለሁ። ሽማግሌነት ግን ሰው የሚሰጥህ ነው፣ አንተ አትወስደውም።” ሱሪውን አነሡ። “ለሌላው ግድ የለኝም፤ ለምጄዋለሁ። ለራህመት ግን … ” ብለው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

የልጅ ልጃቸው ራህመት ያኔ ውኃ ይዛልን መጣች። ጠይም፣ ፈጣን አነጋገር ያላት ልጅ ናት፤ እዚያው ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። “አባባ፣ እንግዳውን በሥራ አሰለቸሃቸው” ብላ ሱሪውን ከእጃቸው ወሰደችው። አባቷን በሕፃንነቷ አጥታ በእኚህ እጅ ነው ያደገችው፤ ኒካው፣ የጋብቻው ውል፣ ሐሙስ ተፈጽሞ የሚቀረው ከቤት መውጣት ብቻ ነበር። ሆቴል ልያዝ ስል አልሰሙኝም፤ የራሳቸውን አልጋ ለቀውልኝ ሳሎን ተኙ። ከቤቴ ይልቅ ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ፤ ያፈርኩት ጠዋት ነው።

አራተኛው ቀን፦ እሑድ

ሙሽራው ከነአጃቢዎቹ ረፋዱ ላይ መጣ። መኪኖቹ ክላክስ እያሰሙ ግቢውን ዞሩት። ምግቡ ተበላ፤ ከዚያ ልጅቱ ልትወጣ ስትል ሽማግሌዎቹ ለዱዓ ሳሎን ተሰበሰቡ። እኔንም አስገቡኝ። በዕድሜ ትልቁ ሐጂ ሙዘሚል የሚባሉ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሰው ናቸው፤ ከሳቸው ቀጥሎ የመስቃኑ፣ የስልጤው ሽማግሌ፣ ሁለት የክርስቲያን ጎረቤቶችም ተቀምጠዋል። ራህመት ነጭ ለብሳ መሐል ተንበረከከች። እያንዳንዱ በተራ ይመርቃል፤ “ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ ይሙላ” ይላል፤ ሌላው “አሚን” ይላል።

ጋሽ ከድር በሩ አጠገብ፣ ከኔ ቀጥለው ነው የተቀመጡት። ተራው ሲቀርብ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ማየት ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ የሚያደርጉትን የሚያውቅ ሰው አኳኋን ነበር፤ እነሱን እንዳይከብዳቸው አስቀድመው ያቀሉላቸዋል። ይህ አንጀቴን በላው።

ሐጂ ሙዘሚል በለሰለሰ ድምፅ “ጋሽ ከድርን አናድክመው” አሉ። “እንግዳው ይመርቁን። ከሩቅ የመጣ ሰው ምርቃት ይደርሳል።”

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ያለኝን እውነት ነገርኳቸው። “ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ በሚቀጥለው ወር ያንኑ የግራዝማቹን ቃል ልናገር የተዘጋጀሁ ተዋናይ ነኝ። በዚያ ምክንያት እሳቸውን ካለፋችሁ እኔንም እለፉኝ።”

ነገር ያበላሸሁ መሰለኝ። ጋሽ ከድር እጄን ያዝ አድርገው “ተው፣ ተው” አሉኝ።

በዚህ መሐል ራህመት ተነሣች። መውጣቷ መስሏቸው በሩ ላይ የነበሩት አጃቢዎች መንገድ ለቀቁ። እሷ ግን ወደ በሩ አልሄደችም። ወደ ሐጂ ሙዘሚል ዞራ ቆመች።

“አባባ ሳይመርቀኝ አልወጣም” አለች። “አልቀመጥምም።”

“ልጄ፣ ሙሽራሽ እየጠበቀ ነው” አሉ ሐጂ።

“ይጠብቅ። ወላሂ አልቀመጥም፣ አልወጣም። እናንተን ነው የምለምነው።”

ውጪ ክላክሱ ይጮኻል፤ አንድ ሰው ሄዶ “ዝም በሉ” ሲላቸው ይሰማል። ራህመት የምታደርገውን ታውቅ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። እኔ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ፤ ሲገባኝ ጉልበቴ እየተንቋቋ ተነሥቼ ከጎኗ ቆምኩ። ከጓዳ ሴቶቹ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ከሁለቱ ክርስቲያን ጎረቤቶች አንዱ ተነሣ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው።

ሐጂ ሙዘሚል የቆምነውን አንድ በአንድ አዩን። የሽማግሌ ዓይን ነው፣ አይቸኩልም። ከዚያ ወደ ጎናቸው ዘወር ብለው ለሌሎቹ በቋንቋቸው ጥቂት ተናገሩ፤ እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ቆሞ የሚለምን ሰው አይመለስም” አሉ በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ። “እኛ ከድርን የወቀስነው በዚህ ነው። ዛሬ ይህችን ልጅ ብንመልስ እኛስ ምን ሆንን?” ቀጥለው እጃቸውን ዘረጉ። “ከድር፣ ና ወደዚህ። ከጎኔ ተቀመጥ።”

ጋሽ ከድር ወዲያው አልተነሡም። ሲነሡም ግድግዳውን ይዘው ነው። ሐጂ ሙዘሚል ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ራህመት ፊታቸው ተንበረከከች። እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ። ያን ገበያ ያቆመ ድምፅ የሚመጣ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልመጣም። ጎንበስ ብለው ጆሮዋ ሥር ነው የተናገሩት። ረጅም ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየን። ከሷ በቀር አንድ ቃል የሰማ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም።

ሲጨርሱ ሐጂ ሙዘሚል ከሁላችን ቀድመው፣ ውጪ ያሉት አጃቢዎች ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ፣ “አሚን!” አሉ።